የ2025 የሂት ፓምፕ ታክስ ክሬዲት እና በ2026 የቀረው ሪቤት፦ ማን ምን ያገኛል?

ጥያቄ፦ «አዲስ ባለቤት»

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንዱ የራሴን ቤት፣ ሌላው የታላቅ እህቴን ቤት የሚመለከት ነው። ሁለታችንም ያለነው አሜሪካ ነው።

የእኔ ሂት ፓምፕ (በመብራት እየሠራ በክረምት ቤቱን የሚያሞቅ፣ በበጋ የሚያቀዘቅዝ ማሽን) ኖቬምበር 2025 ተገጥሞ አልቋል። ጠቅላላ ዋጋው ከነሠራተኛው 14,500 ዶላር ነው፤ የመብራት ኩባንያው 1,200 ዶላር ሪቤት (የዋጋ ተመላሽ) ሰጥቶኛል። የፌዴራሉ የ30 በመቶ ታክስ ክሬዲት (ከታክስ ላይ የሚቀነሰው) የሚሰላው ከ14,500 ላይ ነው ወይስ ሪቤቱ ተቀንሶ? ደግሞም በየዓመቱ ሪፈንድ ስለሚመጣልኝ «አንተ የምትከፍለው ታክስ ስለሌለ ክሬዲቱን አታገኝም» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ልጆችም አሉኝ፤ የልጆቹን ክሬዲት ይነካብኝ ይሆን?

እህቴ ደግሞ ዲሴምበር ላይ ውል ፈርማ ቀብድ ከፍላለች፤ ገጠማው ፌብሩዋሪ 2026 ነው። ኮንትራክተሩ «ቀብዱ በ2025 ስለተከፈለ ክሬዲቱ አያመልጥሽም» ብሏታል። አሁን ያላት በሰዓት 80,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) የሚሰጥ የጋዝ ፈርነስ (ማሞቂያ) ነው፤ ፓኔሏ (የመብራት ማከፋፈያ ሳጥኗ) 100 አምፕ ነው። የቀረበላት ባለ 4 ቶን ማሽን (አንድ ቶን በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ነው) ሲሆን ፓኔሉም ወደ 200 አምፕ መቀየር አለበት ተብላለች። በስቴት በኩል እስከ 8,000 ዶላር የሚሰጥ ሪቤት አለ ሲባልም ሰምታለች። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱን።

መልስ 1፦ «የታክስ ወረቀት»

መልሱ አጭር ስለሆነ ከእህትዎ ልጀምር። ቀብዱ አያድናትም። 25ሲ በሚባለው የሕግ አንቀጽ ሲሰጥ የነበረው ክሬዲት ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ ምክንያት፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ አገልግሎት ለሚጀምር ዕቃ ቀርቷል። የሚታየው ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ሳይሆን ማሽኑ ተገጥሞ ለመሥራት ዝግጁ የሆነበት ቀን ነው። ውሉም፣ ቀብዱም፣ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠው ካርቶንም አይቆጠሩም። ኮንትራክተሩ «ደረሰኙን በዲሴምበር ቀን ልጻፍልሽ» ቢላት እሺ እንዳትል። የፐርሚቱ መዝገብና የኢንስፔክሽኑ ቀን እውነቱን ያወጡታል፤ ታክሱ ላይ የፈረመችውም እሷ ስለሆነች ተጠያቂዋ እሷው ናት። በነገራችን ላይ የከርሰ ምድር ሙቀት ለሚጠቀመው ሂት ፓምፕ የነበረው፣ ጣሪያ የሌለው የ30 በመቶ ክሬዲትም ራሱ ገዝቶ ለሚያስገጥም የቤት ባለቤት በዚያው ቀን አብቅቷል።

ወደ እርስዎ ስንመጣ፣ የመብራት ኩባንያው ሪቤት እንደ ዋጋ ቅናሽ ስለሚቆጠር መጀመሪያ ይቀነሳል። 14,500 ሲቀነስ 1,200 13,300 ነው፤ የዚህ 30 በመቶ 3,990 ይመጣል። ለሂት ፓምፕ የዓመቱ ጣሪያ 2,000 ስለሆነ የሚያገኙት 2,000 ነው። እንግዲህ እርስዎ ጣሪያውን ስላለፉ ሪቤቱ አልጎዳዎትም። ሥራው በ6,000 ዶላር ያለቀለት ሰው ቢሆን ግን 4,800 ላይ ተሰልቶ 1,440 ነበር የሚያገኘው፤ ሪቤቱን ሳይቀንስ 1,800 ብሎ ከሞላ ስህተት ነው።

«ሪፈንድ የሚመጣለት ሰው ታክስ የለበትም» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ገንዘቡን እንዲተው አድርጓል። ሪፈንድ ማለት ከደመወዝዎ ዓመቱን ሙሉ የተቆረጠው ከሚገባው በላይ ነበር ማለት ብቻ ነው። ማየት ያለብዎት የ1040 ፎርም መስመር 18ን ነው፤ ክሬዲት ከመነካቱ በፊት ያለው ታክስዎ እሱ ነው። እዚያ 6,000 ካለ 2,000ው ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ ሪፈንድዎም በዚያው ልክ ይጨምራል። 1,300 ብቻ ካለ 1,300ውን ያጠፋልዎታል፤ የቀረው 700 ይቃጠላል። ይህ ክሬዲት በጥሬ ገንዘብ አይመለስም፣ ወደሚቀጥለው ዓመትም አይዛወርም።

የልጆቹ ጉዳይ ብዙዎች የሚፈሩትን ያህል አይደለም። በስሌቱ ቅደም ተከተል የኢነርጂው ክሬዲት ከልጆች ክሬዲት ቀድሞ ታክሱን ይቀንሳል። ታክሱ አልቆ የልጆቹ ክሬዲት ቦታ ካጣ፣ የተረፈው በገቢዎ መጠን ላይ ተመሥርቶ ለ2025 በልጅ እስከ 1,700 ዶላር በሪፈንድ መልክ ሊመጣ ይችላል። ሶፍትዌሩ ራሱ ያሰላዋል፤ በእጅ የሚሞላ ሰው ግን ስኬጁል 8812 (የልጆች ክሬዲት ፎርም) ላይ ያለውን ወርክሺት መዝለል የለበትም።

የሚሞላው ፎርም 5695 ክፍል 2 ነው፤ ውጤቱ ስኬጁል 3 መስመር 5ቢ ላይ ይገባል። ለ2025 አዲስ የመጣ ነገር አለ፦ አምራቹ በአይ.አር.ኤስ (በፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) የተመዘገበ መሆን አለበት፤ የአምራቹን ባለ 4 ቁምፊ መለያ ኮድም ፎርሙ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። ኮዱ በአምራቹ ድረ ገጽ ወይም ከማሽኑ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ይገኛል። ካጡት ኮንትራክተሩን ሳይሆን አምራቹን ይጠይቁ። ደረሰኙን፣ የክፍያ ማስረጃውን፣ የሞዴል ቁጥሮቹንና የተዘጋውን ፐርሚት ከታክሱ ጋር አያያይዙም፤ ግን ያስቀምጧቸው።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሱ። ከ2,000ው ውጭ በዚያው ዓመት ለሌሎች ማሻሻያዎች እስከ 1,200 ዶላር የሚደርስ የተለየ ጣሪያ ነበር። ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያመልጥ የሚከላከል ንጣፍ) ካስገቡ፣ መስኮት ከቀየሩ (እስከ 600)፣ ከሂት ፓምፑ ጋር አብሮ ፓኔል ከተቀየረ (እስከ 600)፣ የኢነርጂ ኦዲት ካስደረጉ (እስከ 150) አብሮ ይሞላል። ኢንሱሌሽንና መስኮት ላይ የሚቆጠረው የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው፤ የሠራተኛው አይገባም። ሂት ፓምፑ ላይ ግን የሠራተኛውም ይገባል።

በ2023 ወይም በ2024 አስገጥሞ ሳይሞላ ያለፈ ካለም ገንዘቡ ገና አልጠፋም። ታክሱን ካስገባ 3 ዓመት እስኪሞላ በ1040-ኤክስ ማስተካከል ይችላል።

መልስ 2፦ «ፈቃዱ ይቅደም»

ለእህትዎ የቀረው በር የስቴቱ ሪቤት ነው። ምንጩ በ2022 በወጣው የኢንፍሌሽን ሪዳክሽን አክት የተመደበው የፌዴራል ገንዘብ ነው፤ የሚያድለው ግን እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ደንብ ነው። አንዳንዱ ስቴት ከፍቷል፣ አንዳንዱ ገንዘቡ አልቆበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ አልጀመረም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የስቴቱን የኢነርጂ ቢሮ ገጽ ከፍቶ ዛሬ ማመልከቻ ይቀበሉ እንደሆነ ማየት ነው። የሻጭ ብሮሹር ላይ ያለውን አይመኑ።

ሰው የሚያደባልቃቸው ሁለት ዓይነት ሪቤቶች አሉ። በአጭር ስሙ «ሂር» የሚባለው በገቢ ይወሰናል። የቤተሰቡ ገቢ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ በታች ከሆነ ወጪውን እስከ ጣሪያው ድረስ ሙሉውን ይሸፍናል፤ ከ80 እስከ 150 በመቶ ከሆነ ግማሹን። ከ150 በላይ ምንም የለም። ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ ለሂት ፓምፕ 8,000፣ ለፓኔል 4,000፣ ለሽቦ ሥራ 2,500፣ ለኢንሱሌሽንና አየር መዝጊያ 1,600፣ ለሂት ፓምፕ የውሃ ማሞቂያ 1,750 ዶላር ነው። ሁሉም ተደምሮ ለአንድ ቤት ከ14,000 አይበልጥም፤ ስቴቱ ከዚህ ሊያሳንስ ይችላል። ለምሳሌ ሥራው 12,000 ዶላር ሆኖ ገቢዋ ልክ መካከለኛው ላይ ቢሆን 6,000 ታገኛለች። ከ80 በመቶ በታች ብትሆን 8,000።

ገቢ ሲቆጠር የእሷ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሁሉ ይታያሉ። እናት አባት አብረዋት የሚኖሩ ከሆነ የሰው ቁጥር ስለሚጨምር የገቢው ጣሪያ ከፍ ይላል። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ «አንድ ነኝ» ወይም «ባልና ሚስት ነን» ብሎ ሞልቶ ከጣሪያው በላይ ይወድቃል። በትክክል ይቆጠሩ። ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬይድ ያለው ቤተሰብ በብዙ ስቴት ያን ደብዳቤ አሳይቶ የገቢ ምርመራውን ያልፋል።

«ሂር» ለሂት ፓምፕ የሚሰጠው በኤሌክትሪክ የማይሠራውን ዕቃ ለሚተካ፣ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ፣ ወይም ለአዲስ ግንባታ ነው። እህትዎ ጋዝ ስላላት ይመለከታታል። አሮጌ ሂት ፓምፕ በአዲስ የሚቀይር ሰው ግን ከዚህ መስመር ይወጣል፤ እሱ ማየት ያለበት ሁለተኛውን፣ «ሆምስ» የሚባለውን ነው። «ሆምስ» የሚለካው በጠቅላላ የቤቱ የኢነርጂ ቁጠባ ነው። በሞዴል የተሰላው ቁጠባ 20 በመቶ ከደረሰ እስከ 2,000፣ 35 በመቶ ካለፈ እስከ 4,000 ዶላር ይሰጣል፤ ግን ከወጪው ግማሽ አይበልጥም። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ጣሪያው እጥፍ ይሆናል፣ የወጪው ድርሻም ወደ 80 በመቶ ከፍ ይላል። ለአንዱ ሥራ ሁለቱን መውሰድ አይቻልም። የመብራት ኩባንያው የራሱ ሪቤት ግን የፌዴራል ገንዘብ እስካልሆነ ድረስ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ዋናው ነገር። የ«ሂር» ሪቤት የሚያዘው ከሥራው በፊት ነው። የገቢ ማረጋገጫ፣ ከዚያ በስቴቱ ዝርዝር ውስጥ ያለ ኮንትራክተር፣ ከዚያ ገንዘቡ በስሟ መያዙን የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ ከዚያ ገጠማ። ኮንትራክተሩ ሪቤቱን ከሂሳቡ ላይ ቀንሶ ያስከፍላታል፣ እሱ ከስቴቱ ይቀበላል። ፌብሩዋሪ ላይ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ማመልከቻ ብታስገባ የሚመለስላት የለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ሁለት ነገር ትጠይቀው፦ በስቴቱ ዝርዝር ውስጥ አለህ ወይ? የገጠማውን ቀን ማረጋገጫው እስኪመጣ ታዛውረዋለህ ወይ? ሁለቱንም እሺ ካለ ውሉ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመርበት፤ «ይህ ውል የሚጸናው ሪቤቱ በጽሑፍ ሲፈቀድ ነው፤ ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል። ጀርመን ውስጥ ለሂት ፓምፕ ድጋፍ የሚሰጠው ኬ.ኤፍ.ደብሊው (KfW) ባንክ እንዲህ ያለ አንቀጽ የሌለበትን ውል ጭራሽ አይቀበልም፤ ጥሩ ልማድ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ኮንትራክተር ከሆነ ደግሞ ቀብዱን ለማስመለስ የውሉን የመሰረዣ አንቀጽ ትመልከት። የ500 ዶላር ቀብድ አጥቶ 6,000 ማግኘት ይሻላል።

መልስ 3፦ «ቱቦና ሽቦ»

የገንዘቡ ነገር ተብራርቷል፤ እኔ 4 ቶኑ ላይ ነው የምናገረው። ሪቤት ሲመጣ ትልቅ ማሽን መሸጥ ይቀላል፣ ምክንያቱም ልዩነቱን የሚከፍለው ሌላ ይመስላል። 80,000 ቢቲዩ ፈርነስ ነበረ ማለት ቤቱ 80,000 ይፈልጋል ማለት አይደለም። አብዛኛው ፈርነስ ከሚያስፈልገው በላይ ተደርጎ ነው የተገጠመው።

በጋዝ ቢሏ ራሷ መገመት ትችላለች። አንድ የክረምት ወር ትውሰድ፣ ከሱ ላይ የአንድ የበጋ ወር ፍጆታ ትቀንስ፤ የበጋው የውሃ ማሞቂያውና የምድጃው ነው። የቀረው 120 ቴርም ነው እንበል። ፈርነሱ 80 በመቶ የሚሠራ ከሆነ ወደ ቤቱ የገባው 96 ቴርም ነው፤ አንድ ቴርም 100,000 ቢቲዩ ስለሆነ 9.6 ሚሊዮን። ወሩን በ720 ሰዓት ስናካፍለው በአማካይ በሰዓት 13,300 ቢቲዩ ገደማ ይሆናል። የዚያ ወር አማካይ የውጭ ሙቀት 35 ፋራናይት ከነበረ፣ ቤቱ ማሞቂያ መፈለግ የሚጀምረው 60 ገደማ ላይ ስለሆነ ልዩነቱ 25 ዲግሪ ነው፤ በዲግሪ 533 ቢቲዩ ማለት ነው። በአካባቢው የከፋው ብርድ 10 ፋራናይት ከሆነ ልዩነቱ 50፣ የሚያስፈልገው 26,700 ቢቲዩ ገደማ፣ 2.2 ቶን። እንዲህ ያለ ቤት ላይ 4 ቶን ማስቀመጥ ገንዘብ መበተን ነው። ይህ ግምት ማኑዋል ጄ የሚባለውን ትክክለኛ ስሌት አይተካም፤ ግን ኮንትራክተሩን «ማኑዋል ጄህን አሳየኝ» ለማለት አቅም ይሰጣታል። ብዙ የሪቤት ፕሮግራም ራሱ ይህን ወረቀት ይጠይቃል።

የበዛ ማሽን በርቶ ወዲያው ይጠፋል፤ እንደገና ይበራል። መብራት ይበላል፣ ኮምፕረሰሩ ቶሎ ያረጃል፣ በበጋ ደግሞ እርጥበቱን ሳያወጣ ክፍሉን ያቀዘቅዛል። ዳክቱም (የአየር ማስተላለፊያው ቱቦ) ችግር ነው። ሂት ፓምፕ በቶን 400 ኪዩቢክ ጫማ በደቂቃ ገደማ አየር ይፈልጋል። 4 ቶን 1,600 ማለት ነው፤ ለአሮጌ ፈርነስ የተሠራ ዳክት ይህን ሳይጮህ የሚያሳልፈው አልፎ አልፎ ነው። ከገጠማው በፊት የዳክቱ ስታቲክ ፕሬዠር (ቱቦው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት) እንዲለካ ትጠይቅ። ብዙ የአየር መግፊያ የሚመዘነው 0.5 ኢንች የውሃ ግፊት ላይ ነው፤ አሁን ባለው ፈርነስ ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ የሚስተካከለው ዳክቱ ነው።

ሪቤት ከሚያስጥሉት ነገሮች ትልቁ የሞዴል ቁጥር አለመገጣጠም ነው። የማሽኑ ብቃት የሚመሰከረው የውጩ ክፍልና የውስጡ ክፍል አንድ ላይ ሆነው ነው፤ ለዚያ ጥምረት ኤ.ኤች.አር.አይ (የማሞቂያና የማቀዝቀዣ አምራቾች ማኅበር) የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ቁጥር አለ። ኮንትራክተሩ ወጪ ለመቀነስ የድሮውን የውስጥ ኮይል ከተወው፣ ወይም ያ ሞዴል ጠፍቶ በሌላ ከተካው ቁጥሩ አይሠራም። የዋጋ ማቅረቢያው ላይ ሁለቱም ሞዴልና የምስክር ወረቀቱ ቁጥር ይጻፉ። በገጠማው ቀን ሠራተኞቹ ሳይሄዱ የማሽኖቹን ስም ሰሌዳ በስልክ ፎቶ አንስታ ከወረቀቱ ጋር በፊደል በፊደል ታመሳክር። አንድ ፊደል ከተለየ ያኔውኑ ትጠይቅ፤ ከወር በኋላ ማንም አይመለስም።

ቀዝቃዛ አካባቢ ከሆነች «ለቀዝቃዛ አየር» የተመሰከረለት ትምረጥ። ኢነርጂ ስታር (ኢነርጂ ለሚቆጥቡ ዕቃዎች የሚሰጠው የመንግሥት ምልክት) ለዚህ ማዕረግ የሚጠይቀው በ5 ፋራናይት ላይ ማሽኑ ቢያንስ 1.75 ሲ.ኦ.ፒ (ከሚበላው መብራት ስንት እጥፍ ሙቀት እንደሚሰጥ የሚያሳይ ቁጥር) እንዲኖረውና በ47 ፋራናይት ከሚሰጠው ሙቀት ቢያንስ 70 በመቶ እንዲሰጥ ነው። ዝርዝር ወረቀቱ ላይ በ5 ፋራናይት ስንት ቢቲዩ እንደሚሰጥ ተጽፎ ይገኛል፤ የሚታየው ቁጥር እሱ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቶን አይደለም።

ስለ ፓኔሉ። 100 አምፕ ሁልጊዜ አይበቃም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ፓኔሉን የሚያጨናንቀው ሂት ፓምፑ ሳይሆን አብሮት የሚገባው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ ነው። 10 ኪሎዋት ስትሪፕ በ240 ቮልት 42 አምፕ ገደማ ይስባል፤ 5 ኪሎዋቱ 21 አምፕ ብቻ። በትክክል የተመረጠ ሂት ፓምፕ ላይ 5 ኪሎዋት የሚበቃው ቤት ብዙ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ የሎድ ካልኩሌሽን (የቤቱን የመብራት ጭነት ስሌት) በወረቀት ሠርቶ ያሳያት። ስሌቱ «ይበቃል» ካለ የፓኔል ቅየራ ከነጭራሹ ይቀራል። «ሪቤቱ 4,000 ይከፍላል፣ ምን ቸገረሽ» የሚለውን እንዳትቀበል፤ የ14,000ው ጣሪያ ውስጥ ስለሚቆጠር ከሽቦ ሥራው ጋር ሲደመር ለኢንሱሌሽን የሚሆነውን ቦታ ሊወስድባት ይችላል።

ጥያቄ፦ «አዲስ ባለቤት»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። እህቴ ገጠማውን አዛውራዋለች፤ የኮንትራክተሩ ስም የስቴቱ ዝርዝር ውስጥ አለ። አንድ የቀረኝ፦ ቀሪውን ገንዘብ «በዜሮ ወለድ» እንሰጥሻለን ብለዋታል። ደግሞስ ከጋዝ ወደ መብራት ስትዞር ወርሃዊ ቢሏ አይጨምርም ወይ?

መልስ 4፦ «ፈቃዱ ይቅደም»

ስለ ብድሩ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቅ፦ በጥሬ ገንዘብ ብከፍል ዋጋው ስንት ነው? ዜሮ ወለድ የሚሉት ብዙ ጊዜ የዲለር ክፍያ የሚባል ነገር ዋጋው ውስጥ ተደብቆበት ነው። የጥሬ ገንዘቡ ዋጋ ከወረደ ልዩነቱ ወለድ ነው። ከንብረት ታክስ ጋር ተጣምሮ የሚከፈለውን ፔስ የሚባል ብድር ካቀረቡላት ደግሞ በጣም ትጠንቀቅ። ዕዳው ቤቱ ላይ ይጻፋል፣ ከሞርጌጁ ይቀድማል፣ ቤቱን ለመሸጥ ወይም ሪፋይናንስ ለማድረግ ስትሞክር ያስቸግራታል። የስቴቱ ኢነርጂ ቢሮ ወይም የክሬዲት ዩኒየን ብድር ካለ መጀመሪያ እሱን ትይ።

መልስ 5፦ «ቱቦና ሽቦ»

ስለ ቢሉ እውነቱን ልንገራት፤ ሪቤት የሚከፍለው መግጠሚያውን ነው፣ ወርሃዊውን አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው። የመብራት ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት ሲባዛ በ29.3፣ ሲባዛ በፈርነሱ ብቃት፣ ሲካፈል ለአንድ ቴርም ጋዝ ዋጋ። መብራት 16 ሳንቲም፣ ጋዝ 1.50 ዶላር፣ ፈርነሱ 80 በመቶ ከሆነ 2.5 ይመጣል። የሂት ፓምፑ የክረምቱ አማካይ ሲ.ኦ.ፒ ከ2.5 በላይ ከሆነ ቢሏ ይቀንሳል፤ በታች ከሆነ ይጨምራል። በዚሁ ዋጋ በሲ.ኦ.ፒ 3 ለ100,000 ቢቲዩ 1.56 ዶላር ታወጣለች፣ በጋዙ 1.88 ነበር። ሲ.ኦ.ፒው 2 ላይ ከወረደ 2.34 ይሆናል። የራሷን ቢል ቁጥር አስገብታ ታስላ። ወርሃዊ ቢሉ ከማስገጠሚያው ወጪ እኩል የሚያሳስባት ከሆነ፣ ጣሪያ ላይ ኢንሱሌሽን መጨመርና ቀዳዳ መዝጋት ሁለቱንም ይቀንሳል፤ ማሽኑም ያንሳል፣ ቢሉም።

ቤቱ ጥሩ ሆኖ ማሽኑም ጥሩ ሆኖ ቢሉ ሰማይ የሚነካበት የተለመደ ምክንያት ደግሞ ቴርሞስታቱ ነው። ስትሪፑ ከሂት ፓምፑ ጋር እንዲበራ ተደርጎ ሲተው፣ በሲ.ኦ.ፒ 1 የሚሠራው ሽቦ ቀኑን ሙሉ ይቃጠላል። የረዳት ማሞቂያው መከልከያ የሙቀት መጠን (ውጭው ከዚያ በላይ ሲሞቅ ስትሪፑ እንዳይበራ የሚያደርገው ቅንብር) ከፋብሪካ እንደመጣ 50 ፋራናይት ላይ ወይም ጭራሽ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በስሌቱ ማሽኑ ብቻውን ቤቱን መቻል ከሚያቅተው ሙቀት ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይስተካከል፤ ብዙ ቤት ላይ ከ25 እስከ 35 ፋራናይት መካከል ይወድቃል። ማታ 62፣ ጠዋት 70 እያደረገች የምትቀያይር ከሆነም ጠዋት ጠዋት ስትሪፑን እየጠራችው ነው፤ ልዩነቱን ወደ 2 ዲግሪ ታሳንሰው። ገጣሚው ከመሄዱ በፊት ይህን ቅንብር ስክሪኑ ላይ ከፍቶ ያሳያት፣ ቁጥሩንም ደረሰኙ ላይ ይጻፍላት።